ውሃ አጣቢው አያ እንድሪስ

አያ እንድሪስ ማረፋቸውን የሰማሁት ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገቴ ተነክሬ ነው። ጉልበቴን ይሻለኛል ብዬ በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ አይሻለውም፣ እኔም መሄዴን አልተውም። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ነጋዴ ከዳር ቆሞ ልብሱን እያወለቀ ለጓደኛው፣ "የጉያው እንድሪስ ሞቱ አሉ፤ ትናንት ተቀበሩ" ሲል ጆሮዬ ገባ። እኔን አያውቀኝም፤ ከነገሩ ጋር ምን እንዳለኝም አያውቅም።

ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል። እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ከውሃው አወጣሁና አውራ ጣቴን ከሁለቱ ጣቶቼ ጋር ፈተግሁ፤ ቀስ አድርጌ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሸማች። ነጋዴው አየኝና፣ "አባቴ፣ እጅዎን ምን ነካው?" አለኝ።

"ምንም። ውሃውን እየጠየቅሁት ነው" አልሁት።

ሰውዬው ያረጀ እብድ ያገኘ መስሎት ወደዚያ ራቅ አለ። ያኔ ሳቄ መጣ። ከሳቁ ኋላ እንባውም መጣ፤ ፊቴ ቀድሞም በፍል ውሃው ርሶ ነበርና ማንም አላወቀብኝም። በጣት ውሃ መጠየቅን ያስተማሩኝ አያ እንድሪስ ናቸው።

ስለሳቸው አወራለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ባልዲው የኔ ነበር። አገር ሁሉ ይርሳው፣ እኔ አልረሳውም። ነገሩን በየሰፈሩ ሲያወሩ ስሰማ "እንድሪስ እንዲህ አደረጉ፣ እንድሪስ እንዲያ አደረጉ" ነው። ስለ ባልዲው የሚተነፍስ የለም። በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ነግሬያቸው ነበር፤ "አያ እንድሪስ፣ የኔን ባልዲ ምነው ዋጡት?" ብዬ። ሳቁና "ይርጋ" አሉኝ። በቃ፣ "ይርጋ"። የሳቸው መልስ ሁልጊዜ ይችው ናት። ጠብ ሲነሳ "ይርጋ"፣ ወጥ ሲፈላ "ይርጋ"፣ ልጃቸው አልቅሳ ስትመጣ "እሺ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ይርጋ፣ ከዚያ ትነግሪኛለሽ"። "ነገር ካልረጋ ጭቃውና ጥሩው አይለይም" ይሉ ነበር።

ጊዜው ጣሊያን የገባበት ነው። ያኔ ባሕር ዳር ከተማ አትባልም፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጥቂት ጎጆ፣ ደንገል፣ ዓሣ፣ ጉማሬ፣ በቃ። ጣሊያን መጣና ከባሕሩ ዳር የመኪና ጋራዥ ተከለ። ማን ጠራው? ማንም። የሸፈተው ሸፈተ፤ እኔ የእናቴ አንድ ልጅ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፣ ጥያት የት እሄዳለሁ? የጋራዡን ግድግዳ ኖራ የምቀባ ሠራተኛ ሆንሁ። ሥራውን ወድጄው አይደለም፤ በዚያ ላይ ሰነፍ ነበርሁ፤ ይህን መደበቅ አልችልም፣ ወሬው ያለሱ አይሄድም።

ኖራው በጆንያ ከጎርጎራ በጀልባ ይመጣል። ከጀልባው ተሸክመው የሚያወርዱት አያ እንድሪስ ናቸው። ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣሉ፤ አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ጨዋታቸውን ገና ሳይጨርሱ ራሳቸው ቀድመው የሚስቁ። የጆንያው ሥራ ትርፍ ነው፤ ዋናው ኑሯቸው ከባሕሩ ነው። ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከደንገል ታንኳ ያስራሉ። ከጋራዡ በታች ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ብሎ ጎድጎድ የሚልበት ቦታ አለ፤ ጉያ ይባላል። በጉያ ዳር ሰባት ሙስሊም ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የሰባቱም ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸው ገና ሳይደርስ፣ አያ እንድሪስ ነበሩ።

እኔን ከሳቸው ጋር ያወዳጀን ምሳ ነው። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም። የኔን ሥጋ እሳቸው አይበሉም፣ የሳቸውን እኔ አልበላም፤ ያገራችን ወግ ነው፣ ማንም በማንም አይቀየምበትም። ዓሣ ግን ማን አረደው? ማን ባረከው? "ዓሣ ቢላዋ አይለየውም ዘለቀ" ይሉኛል፤ "ከውሃው ሲወጣ ራሱን በራሱ ይጨርሳል። እስላም ነው ክርስቲያን ነው ብለህ የምትጠይቀው የለህም። ና ብላ!" ባለቤታቸው እቴ ከዲጃ ቆሮሶውን ጠብሳ በአንድ ገበታ ታቀርብልናለች። ቆሮሶ የምንለው ያንን ጠፍጣፋውን፣ ሥጋው የሚጣፍጠውን ዓሣ ነው። በጭንቅላቱ ሁልጊዜ እንጣላለን። እኔ ጭንቅላት እወዳለሁ፣ እሳቸውም ይወዳሉ። "አንተ ጭንቅላት ምን ያደርግልሃል፣ ያለህንም አልተጠቀምህበት!" ብለው ይነጥቁኛል። አገር በጭንቅ ላይ ሆና እንዲህ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ገበታ ነው ያሰነበተን።

የጋራዡን አለቃ ስሙን መጥራት ስላልቻልን ባለጓንቱ አልነው። ክረምት ከበጋ ጓንት ከእጁ አይወርድም። አማርኛ ቃል በቃል ይለቅማል፤ ሲናደድ ግን ወደ ራሱ ቋንቋ ይገባል፣ ያኔ ዞር ማለት ነው። አያ እንድሪስ "አንተ" እያሉ ነው የሚያናግሩት። እኔ ፈርቼ፣ "ኧረ አንቱ ይበሉት" ብላቸው፣ "አንቱ ብለው ሌላ ሰው ከኋላው የቆመ መስሎት ይዞራል" አሉ።

ጋራዡ ውስጥ ከመኪናና ከጀልባ የተፈታ የዛገ መዳብ በኮምጣጣ ውሃ ይነከራል። ኮምጣጣ ስል የሎሚ እንዳይመስላችሁ፤ ጨርቅ የሚበሳ ነው። መዳቡ ዝገቱን ለቅቆ እያብረቀረቀ ይወጣል፤ ውሃው ግን ሰማያዊ ይሆናል። ያን ሰማያዊ ውሃ በቦይ ወደ ጉያ ይለቁታል። ሲያዩት ያምራል፤ የመስከረም ሰማይ ነው። ሴቶቹ ፈትል ሊነክሩበት ሁሉ አስበው ነበር።

መጀመሪያ የሞተው ትንንሹ ዓሣ ነው። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ደንገሉ ሥር ተከማችቶ ይገኛል። ቀጥሎ ትልልቁ ሸሸ። አያ እንድሪስ መረባቸውን ጥለው ጭቃና ቅጠል ያወጡ ጀመር። አንድ ቀን እቴ ከዲጃ ሽሮ አቀረበችልን። ሽሮ! ያን ቀን በጭንቅላት የተጣላ የለም።

ከምሳ ተነስተው ቀጥ ብለው ወደ ባለጓንቱ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ።

"ሲኞር፣ ውሃህ ዓሣዬን ፈጀው።"

ባለጓንቱ እጁን ዘረጋ። "ባሕር ትልቅ። ቦይ ትንሽ።"

"ባሕሩስ ትልቅ ነው። ዓሣ የሚወልደው ግን ትልቁ ላይ አይደለም፤ ጥልቅ ባልሆነችው፣ ፀሐይ በምታሞቃት ጉያ ነው። አንተ ማኅፀኑ ላይ ነው የምትደፋው።"

ባለጓንቱ ምን ያህሉ እንደገባው እንጃ። "ዓሣ የለም? ሂዱ። ሌላ ቦታ። እኔ እዚህ ወደብ እሠራለሁ" አለ። ለካ ዳርቻውን ቀድሞም ተመኝቶት ኖሯል! ለሱ የዓሣው መጥፋት ሰባቱን ቤት ያለ ግፊያ የሚያስነሳ ምቹ ነገር ነው። አያ እንድሪስ ወደ ቤት ሲመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አልነበራቸውም። "ዘለቀ፣ አባቴም አንድ ልጄም እዚያች ዳር ነው የተቀበሩት። ወዴት ነው የምሄድ?" አሉኝ።

እንግዲህ አሁን ባልዲው መጣ።

የኖራ ባልዲ ስትጨርስ ወርደህ ከባሕሩ ውሃ ቀድተህ ማጠብ ነው ደንቡ። ቁልቁለቱን መውረድ ማን ይወዳል? እኔ የሚያየኝ ሰው ሲጠፋ የተረፈውን ኖራ ቦዩ ውስጥ ደፍቼ፣ ባልዲውን እዚያው ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ለቅለቅ አድርጌ እመለሳለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ደፍቼ ቀና ስል አያ እንድሪስ ጆንያ እንደተሸከሙ ቆመዋል። አለቀልኝ ብዬ ሰበብ መደርደር ስጀምር፣ "ዝም በል! አትንካው!" አሉና ጆንያውን ወርወር አድርገው በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

ቦዩ ተለውጧል። ኖራው የገባበት ውሃ ልክ ወተት ሎሚ ሲነካው እንደሚቋጥር ሰማያዊ ቁጥርጥር ሠርቷል። አያ እንድሪስ ፈጠን ብለው ላይና ታቹን በድንጋይና በጭቃ ደፈኑት። እኔ ምን ሆነ ብዬ በእንጨት ልነካካው ስል እጄን መቱኝ። "ይርጋ!"

ተቀመጥን። እሳቸው ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ እኔ ዛፉን አያለሁ፣ ወፉን አያለሁ፣ ባለጓንቱ እንዳይመጣ አያለሁ። ቁጥርጥሩ እየከበደ እየከበደ ወረደ። ከታች ሰማያዊ ጭቃ ተኛ፤ ከላይ ያለው ውሃ ጠራ፣ የቦዩ ጠጠር ሁሉ ታየ።

አያ እንድሪስ ተነስተው ጭንቅላቴን ሳሙኝ። "አንተ ሰነፍ! አላህ ስንፍናህን ይባርክልህ! ውሃው ያለቀለት አልነበረም፤ ነገር ተሸክሞ ነበር። ኖራው ሸክሙን አስጣለው!"

ይኸው ነው ነገሩ። ኮምጣጣው መዳቡን አሟሙቶ ይዞታል፤ ኖራው ኮምጣጣውን ሲሰብረው መዳቡ የሚይዘው አጥቶ ይቋጥርና ይሰምጣል። እኛ ይህን በቃል አናውቀውም፣ በዓይናችን ነው ያየነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ የማን ባልዲ ነበር?

አያ እንድሪስ ተመልሰው ባለጓንቱ ዘንድ ገቡ። ውሃ እናጥብልሃለን ቢሉት ሳቀ። የያዙትን ነገር ያኔ አወጡት። "ሲኞር፣ ዓርብ ዓርብ ምን ትበላለህ?" ጣሊያኖቹ ዓርብ ሥጋ አይበሉም፤ ዓሣቸውን ከጉያ ነበር የሚያስገዙት፣ ዓሣው ከጠፋ ወዲህ ወጥ ቤታቸው ተማርሮ አለቃውን እየነዘነዘው ነው። ባለጓንቱ ሳቁን ቆረጠ። አሰበና ሁለት ዓርብ ሰጣቸው። በሁለተኛው ዓርብ በታጠበው ውሃ ውስጥ ዓሣ ካደረ የቦዩ ውሃ ሁሉ በኛ እየታጠበ ይወርዳል። ካላደረ ሰባቱ ቤት ዕቃውን ይዞ ይነሳል።

አያ እንድሪስ፣ "እሺ" አሉ። ወጥተን፣ "ኧረ አያ እንድሪስ፣ ካልሆነሳ?" ብላቸው ያችኑ መለሱልኝ፤ "ይርጋ።"

ከጋራዡ በታች ሁለት ጉድጓድ ቆፍረን በሸክላ ጭቃ መረግናቸው። አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ ማረፊያ። የሰባቱ ቤት ሰው ሁሉ ቆፈረ፤ እቴ ከዲጃ ሳትቀር ጭቃ ረገጠች። የመንደሩ ሰው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ ይስቅብናል። "ሰው ልብስ ያጥባል፣ እናንተ ውሃ ታጥባላችሁ? በምን? በውሃ?" ውሃ አጣቢው የሚለው ስም ያኔ ወጣላቸው። አያ እንድሪስ ደግሞ አይናደዱም፤ "ቆሻሻ ውሃ ያለው ይምጣ፣ ዛሬ በነጻ ነው!" እያሉ ይጮኹላቸዋል።

ሰማያዊውን ውሃ ወደ ማጠቢያው ለቀቅን። ኖራውን በባልዲ በጥብጠን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን በታንኳ መቅዘፊያ እናማስላለን። አያ እንድሪስ "በቃ" ሲሉ እንድናቆም ነው። የሰላት ሰዓት ደረሰና፣ "ዘለቀ፣ እስክመለስ እንዳትነካው" ብለው ምንጣፋቸውን ይዘው ወረዱ።

እኔ ደግሞ ቆሜ አየሁት። ትንሽ ሰማያዊነት ቀርቶበታል። ጥቂት ኖራ ይህን ያህል ካጠራው፣ ብዙ ኖራ ደግሞ እንዴት ያጠራው! ኖራ ቀቢ ነኝ፤ ግድግዳ ሲደገም ሲሠለስ ነው የሚያምር። ይሄው ሙያዬ ነው ጉድ የሠራኝ። ሁለት ባልዲ ሙሉ ገለበጥሁበት። አያ እንድሪስ ሲመለሱ ውሃው እየጠራ ነበር፤ በነጋታውማ እንደ መስታወት ሆነ። አመሰገኑኝም። እኔ ዝም አልሁ፤ ምስጋና ማን ይጠላል?

በዚያው ቀን ሦስት ትንንሽ ቆሮሶ አምጥተን ጨመርንበት። ለምሳ ሄደን ስንመለስ ሦስቱም ተገልብጠዋል።

አያ እንድሪስ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው አወጡና አውራ ጣታቸውን ከሁለቱ ጣቶች ጋር ፈተጉ። ደገሙ። ያሸራትታል።

"ይህማ ሳሙና ነው" አሉ። "ዘለቀ። ስንት ጨመርህ?"

"ሁለት ባልዲ።" አልሁ።

ዱላ ጠበቅሁ፤ ይገባኛልም። ሰባት ቤት ሊነሳ፣ የቀረን ስድስት ቀን፣ ይሄን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ። አያ እንድሪስ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው። "ሰውዬ፣ ውሃውን አጥበህ አጥበህ ቆዳውን ገፈፍኸው! ሰው ገላውን የሚታጠበው እስኪጠራ ነው እንጂ እስኪላጥ ነው?" ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ከበደ። "ወንድሜ፣ የሠራኸውን ንገረኝ። ባጠፋኸው አልጣላህም። የደበቅኸው ነው የሚገድለን።" ይችን ዕድሜዬን ሙሉ ይዣታለሁ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን ሥራው ለጣት ሆነ። ኖራ በጣሳ ይገባል፣ ይማሰላል፣ አያ እንድሪስ ይነክሩና ይፈትጋሉ። ቆዳ ከቆነጠጠ ገና ነው፤ ካሸራተተ አልፏል። ከሁለቱ መሐል፣ ሰማያዊው ሁሉ ቋጥሮ ጣት ምንም የማይሰማው አንድ ቦታ አለ፤ እዚያች ላይ መቆም ነው ጥበቡ። እኔም እንድሞክር አደረጉኝ፤ ጣሳውን የሚይዝ ጣቱም ይወቅ ብለው። ሲረጋ የጠራውን ብቻ በቀስታ ወደ ማረፊያው ጉድጓድ ገለበጥነውና ሦስት ቀን ተውነው። የተረፈው የኖራ ንክሻ እዚያ ነፋስ ሲያገኘው ነጭ ስስ ቆዳ ሆኖ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠዋት ጠዋት በወንፊት እንገፈዋለን። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ የጉድጓዱን አፋፍ ስዞር ዋልሁ። እሳቸው ደንገል ያስራሉ፣ ያንጎራጉራሉ።

ሐሙስ ጠዋት ባለጓንቱ መጣ። ዓሣው የሚያድርበትን ገበቴ ራሱ አስመጣ፣ ውሃውን ከማረፊያው ራሱ በባልዲ ቀዳ፤ እንዳናታልለው ነው። እኔ በበኩሌ ሌላ ነገር አስቤ ነበር። ማለዳ ወርጄ አንድ አምባዛ አጥምጄ በእርጥብ ሣር ጠቅልዬ ይዣለሁ። አምባዛ ረጅሙ፣ ሪዛሙ ዓሣ ነው፤ አይሞትም። ባሕሩ ሲጎድል ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፣ ደረቅ መሬት ላይ ይሳባል። አያ እንድሪስን ወደ ጥግ ጎተትሁና አሳየኋቸው። "ይሄን እናስገባ። ጣሊያኑ ዓሣ ከዓሣ አይለይም።"

አምባዛውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ዘለቀ፣ ይሄማ ቡና ጀበና ውስጥም ይኖራል! የሱ ምስክርነት ምን ይረባል? ጣሊያኑን ልናታልል እንችላለን። ከርሞ ጉያ የሚገቡትን ቆሮሶዎች ማን ያታልላቸዋል? ውሃው መጥፎ ከሆነ እኔ ነኝ መጀመሪያ ማወቅ ያለብኝ።"

"ከሞቱ እኮ ትነሳላችሁ!"

"ከሞቱ እንነሳለና። ዓሣ በሌለበት ዳር ተቀምጠን ምን እንሆናለን?"

አምስት ቆሮሶ አመጡ። ያውም ትንንሹን፣ ጣት የማይሞላውን፣ እንደ ሐር የሳሳውን። አንድ በአንድ በመዳፋቸው አሳርፈው፣ "ቢስሚላህ" እያሉ ለቀቁ። እኔም በሆዴ ጊዮርጊስን ለመንሁ። ምሳ ሰዓት አምስቱም ይዋኛሉ። ማታ አምስቱም ይዋኛሉ። ባለጓንቱ የጋራዡን በር ቆልፎባቸው ቁልፉን ይዞ ሄደ።

ዓርብ ረፋድ ላይ የጉያ ሰው ሁሉ፣ ሲስቅብን የነበረውም ጭምር፣ ጋራዡ ደጃፍ ተሰበሰበ። ባለጓንቱ በሩን ከፍቶ ገበቴው ላይ ጎንበስ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ብቻ! እቴ ከዲጃ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አያ እንድሪስ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይህን ጊዜ አምስተኛው፣ ከገበቴው ጥላ ሥር ተለጥፎ የነበረው፣ ብድግ ብሎ ዘለለና የባለጓንቱ ጫማ ላይ አረፈ! ጣሊያኑ እንደ ሕፃን ጮኸ። "ውሃ! ውሃ! ይሞታል!" እያለ ሊያነሳው ይሞክራል፣ በጓንት ያሙለጨልጨዋል። በመጨረሻ ጓንቱን ነጥቆ ጣለና በባዶ እጁ አንስቶ ገበቴው ውስጥ መለሰው። እጁን ያኔ አየነው፤ በዚያ ኮምጣጣ ውሃ ተበልቶ ጠባሳ ብቻ ነው።

እልልታው ጣናን ተሻገረ ብል ውሸት አይሆንብኝም። አያ እንድሪስ ግን ያንን ባዶ እጅ ያዙት፣ ውሃው ውስጥ ነከሩትና ጣቶቹን ራሳቸው አፋተጉለት። "አየህ? አይቆነጥጥም። አያሸራትትም።"

ባለጓንቱ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ "ይሄ መጽሐፍ ላይ አለ። እኔ አውቃለሁ" አለ።

"መጽሐፉ ካወቀ ምነው ዝም አለ?" አሉት አያ እንድሪስ።

ቃሉን ግን ጠበቀ። ያልታጠበና ሦስት ቀን ያላረፈ ውሃ ወደ ጉያ አይወርድም ተባለ፤ የወደቡም ነገር ቀረ። ወጥ ቤቱ ደስ ብሎት መጥበሻውን ይዞ አምስቱን ሊወስድ ሲመጣ አያ እንድሪስ ገበቴውን አቅፈው፣ "ወግድ! ምስክር አይበላም!" ብለው ወርደው ጉያ ለቀቋቸው።

ሰማያዊው ጭቃ እየደረቀ ሲሄድ ዓይን የሚስብ ቀለም ሆነ። ሴቶቹ ቤት እንለቅልቅበት አሉ። አያ እንድሪስ እንቢ አሉ። "ማማሩን ማን ካደ? ግን መዳቡ አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረ። ከልጅ እጅ፣ ከከብት ምላስ፣ ከጎርፍ መንገድ ይራቅ።" ከፍ ካለው ቦታ በሸክላ የተመረገ ጉድጓድ ቀበርነውና ድንጋይ ከመርንበት። ክረምት ሊገባ ሲል በየዓመቱ ወጥተው ጎርፍ እንዳልነካው ያያሉ፣ ድንጋይ ይጨምራሉ። ጣሊያን ተባሮ፣ ጋራዡ ፈርሶ፣ ጣራውን ሰው ተከፋፍሎት እንኳ ይህን አልተዉም። ቆሮሶ ወደ ጉያ የተመለሰው ወዲያው አይደለም፤ አንድ ክረምት አልፎ በሁለተኛው ነው። በተመለሰ ቀን ስንት እንደበላን አልናገርም። ኋላ እኔ ኑሮዬ ራቀ፤ የምመጣውም ከስንት አንዴ ሆነ።

ይኸው፣ የማውቃቸው አያ እንድሪስ እኒህ ናቸው። ከወንዛዬ ወጥቼ በማግስቱ ለቅሶ ደረስሁ። ጉያ ዳር ሰባቱ ቤት አሁን ሠላሳ ሆኗል። ከመግባቴ በፊት ወደ ድንጋዩ ክምር ወጣሁ፤ ጉልበቴ እየጮኸ። የዘንድሮ ድንጋይ ተጨምሯል፤ እኒያ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ከመሞታቸው በፊት ወጥተው ኖሯል። እኔም አንድ ጨመርሁ።

እቴ ከዲጃ አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ተላቀስን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገበታ መጣ፤ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ በአንድ ገበታ፣ ለመጣው ክርስቲያንም ለቤቱ ሰውም። ማንም እጁን አልሰነዘረም። ምን እየጠበቁ ነው ብዬ ዞር ዞር ስል፣ ጉርድ ያለች አንዲት የልጅ ልጃቸው ትልቁን ጭንቅላት ለይታ እፊቴ አኖረችው።

"ለምን ለኔ?" አልሁ።

ልጅቷ ሁሉም የሚያውቀውን እንደ ጠየቅኋት ዓይነት አየችኝ። "አያቴ ዓሣ በተበላ ቁጥር ይሉን ነበር። 'ይችን ገበታ ያገኘናት በዘለቀ ባልዲ ነው፤ ጭንቅላቱ የሱ ነው። እኔ የምበላው እሱ ስለሌለ ነው።'"

አርባ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው! እኔ በየሰፈሩ ባልዲዬ ተረሳ እያልሁ ሳኮርፍ፣ እሳቸው በየምሳው ሲናገሩልኝ ኖረዋል። ሳቅሁም አለቀስሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅ። እቴ ከዲጃ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ "ይርጋ" አለችኝ፣ "ይርጋ፣ ዘለቀ። ደግሞ ሳይበርድ ብላ።"

ጭንቅላቱን ለሁለት ከፈልሁት። ግማሹን ለልጅቷ ሰጠሁና፣ ግማሹን በላሁ።